የእግር ሕመምና የልብ ጭንቀት በወላይታ፤ ፈቃድ ስለ መጠየቅ የተጻፈ የታሪክ ጥናት

ሥነ ልቡናን ለጀማሪዎች የሚያስተምሩ መጻሕፍት ስለ ምርምር ሥነ ምግባር ወደሚናገረው ምዕራፍ ሲደርሱ የሚያቀርቧቸው ምሳሌዎች ዘወትር እነዚያው ናቸው። በ1920 ዋትሰንና ሬይነር የተባሉት አሜሪካውያን አንድን ሕፃን ነጭ አይጥ እንዲፈራ ማልመዳቸው ይነሣል፤ በ1961 እና በ1962 ሚልግራም በዬል ዩኒቨርሲቲ ሰዎችን በሐሰተኛ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ፊት አስቀምጦ ታዛዥነታቸውን መፈተኑ ይነሣል፤ በ1971 በስታንፎርድ የተደረገው የወህኒ ቤት ሙከራ ይነሣል። ከሥነ ልቡና ውጭ ደግሞ ከ1932 እስከ 1972 ድረስ በአላባማ ቂጥኝ የያዛቸው ጥቍር ገበሬዎች መድኃኒቱ ከተገኘ በኋላ እንኳ ሳይታከሙ እንዲቈዩ መደረጋቸው ይጨመራል። ከዚያ በኋላ የሕጎቹ ዝርዝር ይከተላል፤ የ1947ቱ የኑረምበርግ ደንብ፣ የአሜሪካ የሥነ ልቡና ማኅበር በ1953 ያወጣው መመሪያ፣ የ1964ቱ የሄልሲንኪ መግለጫ፣ የ1979ኙ የቤልሞንት ሰነድ። ይህ ጸሐፊ በውጭ አገር የተማረው እነዚህን ነው፤ ዛሬም በዩኒቨርሲቲዎቻችን ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ሁሉ በጋራ በሚሰጠው የጠቅላላ ሥነ ልቡና ትምህርት የሚያስተምረው እነዚህኑ ነው።

በእነዚህ ምሳሌዎች ተራ ሊቆም የሚገባ፣ ለኢትዮጵያዊ ተማሪም ከሁሉ ይልቅ የሚቀርብ አንድ ነገር ግን በወላይታ ተደርጓል። በመማሪያ መጻሕፍት ያልገባው ምናልባት የግፍ ታሪክ ስላልሆነ ይሆናል፤ ግፍ ለማስተማር ይመቻልና። ነገሩ የተነሣው በእግር ሕመም ምክንያት ነው። ሆኖም የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስለ እግር ማተት አይደለም። በእግር ሰበብ በልብ ላይ የሚወድቀውን ጭንቀት፣ ጭንቀቱ የታከመበትን መንገድ፣ ከዚያም ሕመምተኛውን ሊመረምር የመጣ ሰው የማንን ፈቃድ መጠየቅ እንደሚገባው መመልከት ነው።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ሁለት ማስታወሻ ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው። ሶዶ ስንልም በዳሞታ ተራራ ሥር ያለችውን የወላይታን ዋና ከተማ ማለታችን ነው። በአእምሮ ጤና ጥናቶች ደጋግሞ የሚነሣው ሌላው ሶዶ በጉራጌ አገር የሚገኝ ወረዳ ስለ ሆነ፣ ተማሪዎች ሁለቱን እያደባለቁ የአንዱን ቍጥር ለሌላው ሲሰጡ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

የወላይታ ደጋ አፈሩ ቀይ ሸክላ ነው። ከጥንት እሳተ ገሞራ የወጣ ዐለት በብዙ ዘመን ዝናብ እየፈረሰ የሠራው አፈር ሲሆን፣ ለእንሰት፣ ለጎደሬ፣ ለስኳር ድንችና ለበቆሎ የተመቸ ነው። ይኸው አፈር ግን ዕድሜውን ሁሉ በባዶ እግሩ ለሚረግጠው ሰው ሌላ ጠባይ አለው። ዐይን የማያየው የአፈሩ ደቃቅ በቆዳ በኩል ወደ እግር ይገባል፤ ገብቶም የሰውነትን ፈሳሽ ወደ ደም የሚመልሱትን የሊምፍ ቧንቧዎች ያስቈጣል፤ ቧንቧዎቹም በዓመታት ውስጥ እየጠበቡ ይደፈናሉ። በመጀመሪያ የእግር ማሳከክና መቃጠል ይሰማል። ቀጥሎ ቀን ያበጠው እግር ሌሊት ሲያርፉ ይጐድላል። ኋላ ግን እብጠቱ መጉደሉን ይተዋል፤ ቆዳውም የድንጋይ ሽበት እንደ ለበሰ ዐለት ይሻክራል።

ሕዝቡ በአማርኛ ዝሆኔ ይለዋል። በቆላ አገር ትንኝ የምታስተላልፈው፣ ከትል የሚመጣ ሌላ ዝሆኔ አለ፤ የደጋው ግን ትል የለበትም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ይህን ልዩነትና የአፈሩን ድርሻ በሚገባ ያስረዳው በኢትዮጵያ በሥጋ ደዌ ሕክምና ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። እግርና አቧራ ማለት ከሆኑት ሁለት የግሪክ ቃላት አጋጥሞ «ፖዶኮኒዮሲስ» የሚለውን ስም የሰጠውም እርሱ ነው፤ የሥራው ፍሬ የሆነው መጽሐፍ በ1990 በኦክስፎርድ ታትሟል።

በዚያው ዘመን ኦመን የተባለ ተመራማሪ በ1969 ባወጣው ጥናት የበሽታውን ስፋት ለመገመት የተጠቀመበት ዘዴ በልዩ ልዩ ክፍለ ሀገር በገበያ ቀን እየተገኙ የገበያተኛውን እግር መቍጠር ነበር። ዘዴው ብልኀት አለበት፤ ባላገርን ሁሉ በአንድ ቀን በአንድ ሜዳ የሚሰበስብ ከገበያ የተሻለ ቦታ የለምና። ሆኖም ሁለት ነገር ያመልጠዋል። አንደኛ፣ ሕመሙ የጸናበት ሰው ከሰው ዐይን ስለሚሸሽ ገበያ አይወጣም። ሁለተኛ፣ የሚቈጠረው ሰው መቈጠሩን አያውቅም። ለዚያ ዘመን ይህ እንደ ነውር የሚታይ አልነበረም፤ የሄልሲንኪ መግለጫም ገና የአምስት ዓመት ሰነድ ነበር። ይህን የማነሣው ኦመንን ለመውቀስ ሳይሆን፣ እግር ብቻውን ከሰውየው ተለይቶ ይታይ ከነበረበት ጊዜ ተነሥተን ምን ያህል መንገድ እንደ ተሄደ ለመለካት ነው።

በወላይታ ብቻ የተደረገ ቈጠራ ውጤት በ2003 ወጣ፤ ከመቶ ሰው 5.46 የሚሆነው ይህ ሕመም እንዳለበት ተገኘ። በ2006 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል ሕዝብ በሚኖርበት በዚህ ዞን በሕመሙ ምክንያት በየዓመቱ የሚጠፋው ሀብት ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር እንደሚበልጥ፣ ሕመምተኛውም ከሥራ ቀኖቹ 45 ከመቶ ያህሉን እንደሚያጣ አስልቷል።

ይህ የገንዘብ ሒሳብ ነው። የልብ ሒሳብ ለመሥራት የበለጠ ያስቸግራል፤ ቢሆንም ተሞክሯል። በረከት ያዕቆብ፣ ከበደ ደሪቤና ጌይል ዴቪ በ2008 ባሳተሙት ጥናት ከተጠየቁት የወላይታ ነዋሪዎች ከግማሽ የሚበልጡት ሕመምተኛውን የሚያገል አስተሳሰብ እንዳላቸው ታየ። ስለ መንሥኤውም የተሳሳተ ግምት ያልነበረው ሰው አልተገኘም ለማለት ይቻላል። አበባየሁ ቶራ፣ ጌይል ዴቪና ጌትነት ታደለ በ2011 ያወጡት ደግሞ ሕመምተኞቹን ራሳቸውን ያናገረ ጥናት ነው። ከትምህርት ቤት የቀሩ፣ ከስብሰባና ከጸሎት ቤት የተገፉ፣ በመንገድ በጣት የተጠቈመባቸው፣ ከሁሉ በላይ ግን ጋብቻ የተከለከሉ ሰዎች ይናገሩበታል። ሕይወታቸውን ለማጥፋት እስከ ማሰብ የደረሱም አሉ።

ጋብቻ ለምን ከሁሉ በላይ ሆነ ለሚለው ጥያቄ የሐኪም መጽሐፍ አይመልስም፤ የማኅበሩን አሠራር ማየት ያስፈልጋል። ወላይታ ማላና ዶጋላ በሚባሉ ሁለት ታላላቅ ወገኖች ሥር በብዙ ጎሳ የተከፈለ ሕዝብ ነው፤ ሰው ከገዛ ጎሳው አያገባም። እንግዲህ ሚስት ከሌላ ጎሳ የሚመጣ ሰው ስለዚያ ቤት መጠየቅ ግዴታው ነው፤ አባትየው ማን ነው፣ እናትየዋ ከየት መጣች፣ አያትየውስ በምን ሞተ እያሉ መመርመር ለልጅ ማሰብ እንጂ ክፋት አይባልም። ከዚህም ሌላ ሸክላ ሠሪዎቹን ጪናሻዎችን ከሌላው ሕዝብ ጋር እንዳይጋቡ የሚለይ አሮጌ ልማድ ነበረ። ስለዚህ ቤትን በዘር መርምሮ «ይህ ይሆናል፣ ይህ አይሆንም» የማለት መንገድ ዝሆኔ ከመቈጠሩ በፊት የተጠረገ መንገድ ነው። ሕመሙ አዲስ ጥያቄ አልፈጠረም፤ ለነበረው ጥያቄ መልስ ሆኖ ገባ። በመሆኑም አንድ እግር ሲያብጥ የሚጐዳው አንድ ሰው አይደለም፤ እግራቸው ጤነኛ የሆኑ እኅቶች፣ የወንድም ልጆች፣ ገና ያልተወለዱትም ሳይቀሩ ይጐዳሉ። ጎፍማን የተባለው ሊቅ በ1963 ስለ ነውር በጻፈው መጽሐፍ ነውር ወደ ዘመድና ወዳጅ እንደሚዘረጋ አሳይቶ ነበር፤ በወላይታ ግን ይህ ከዋናው ነገር የተለየ ቅጥያ አይደለም፤ ዋናው ነገር ራሱ ይህ ነው።

አሁን ስለ ጭንቀት ትምህርት ጥቂት እንበል። ካነን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ጀምሮ እንስሳ አደጋ ሲያይ ለመዋጋት ወይም ለመሸሽ ሰውነቱ እንዴት እንደሚሰናዳ አስረዳ። ሃንስ ሴልዬ በ1936 ሰውነት ማናቸውም ጥቃት ሲደርስበት በመጀመሪያ እንደሚደነግጥ፣ ቀጥሎ እንደሚቋቋም፣ ጥቃቱ ካላቋረጠ ግን በመጨረሻ እንደሚዝል አስተማረ። ላዛረስና ፎልክማን በ1984 ደግሞ ጭንቀት በነገሩ ላይ ብቻ ሳይሆን ሰውየው ነገሩን በሚመዝንበት ሚዛን ላይም እንደሚመሠረት ጻፉ። በአማርኛ መምህራን የሴልዬን ቃል አንዳንዴ ውጥረት፣ አንዳንዴ ጭንቀት ይሉታል። ውጥረት የሚለው ከበሮንና ገመድን የሚያስታውስ፣ ለሰውነት የሚስማማ ቃል ነው። ጭንቀት ግን ከጠበበ ስፍራ ውስጥ መገኘትን ያመለክታልና ለወላይታው ነገር እርሱ ይሻላል።

የዝሆኔ ሕመምተኛ ሁለት ዓይነት ጭንቀት አለበት። አንደኛው እግሩ በድንገት ተነሥቶ በትኵሳትና በሕመም አልጋ ላይ የሚጥለው፣ በዓመት ውስጥ ደጋግሞ የሚመለስ ነው፤ ይህን የሴልዬ ትምህርት ይገልጸዋል። ሁለተኛው በየቀኑ የሚኖር ነው፤ እዚህ ላይ ግን የላዛረስ ሚዛን ጐደሎ ይሆናል። ሚዛኑን የያዘው ሰውየው ብቻ አይደለም፤ መንደሩ በአንድነት መዝኖ የጨረሰውን ነው እርሱ የሚቀበለው።

መጽሐፉ ጭንቀትን የመቋቋሚያ መንገዶችንም ለሁለት ይከፍላል፤ ችግሩን የሚጋፈጥና ስሜትን ብቻ የሚያስታግሥ ይላቸዋል። መሸሸግና መሸሽ በዚህ አከፋፈል ከደካሞቹ ተራ ይመደባሉ። በ2011ዱ ጥናት የተገኙት መንገዶች ግን ብዙዎቹ እነዚህ ናቸው፤ ከሰው መራቅ፣ እግርን መሸፈን፣ ለሰደበ ስድብን መመለስ፣ ከመሰል ሕመምተኞች ጋር መወዳጀት፣ ጸሎት። ልጇ ለጋብቻ የደረሰች እናት እግሯን ሸፍና ከማኅበር ብትቀር ስሜቷን እያስታገሠች ነው ወይስ ችግሩን እየተጋፈጠች? እኔ ሁለተኛው ነው እላለሁ። ይህን መሸሽ ብሎ የሚመድብ መጽሐፍ የእናትን ሒሳብ አልቈጠረም። ተማሪዎቼም በዚህ ነጥብ ላይ ከመጽሐፉ ይልቅ ከእናትየዋ ጋር ሲቆሙ ደስ ይለኛል።

ይህ ጭንቀት በተለመደው የአእምሮ ጤና መጠይቅ ሲለካ ምን ያህል ይሆናል የሚለው በወላይታ ሳይሆን በምሥራቅ ጎጃም ተመርምሯል፤ በዚያም ይኸው ቀይ አፈር፣ ይኸው ባዶ እግር፣ ይኸው ሕመም አለና። በ2015 በታተመው ጥናት ሕመምተኞች ከጤነኛ ጎረቤቶቻቸው ጋር ሲመዛዘኑ የልብ ጭንቀታቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። የሚያስደንቅ ውጤት አይደለም፤ ነገር ግን በመንግሥት ጽሕፈት ቤት ቍጥር የሌለው ኀዘን እንደ ሌለ ስለሚቈጠር ጠቃሚ ነው።

ሕክምናውስ? በወላይታ ሕመምና መከራ በየዘመኑ በልዩ ልዩ መንገድ ሲተረጐም ኖሯል። አያና ተቈጥቷል ተብሎ ጠንቋይ የተጠየቀበት ዘመን ነበረ፤ ቶሳ ማለትም እግዚአብሔር ብቻ ይለመን የሚል ስብከት የተስፋፋበት ዘመን ተከተለ። በ1928 የሱዳን ኢንቴርየር ሚሲዮን ሰዎች ወደ ወላይታ መጡ፤ ኋላም በሶዶ፣ ኦቶና በተባለው ስፍራ፣ ሕክምና ተቋቋመ። ዛሬ በዚያው ስፍራ የሚገኘው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል ነው። ለእግር ሐኪም ቢገኝም ለልብ ሐኪም ግን አልነበረም። ለረጅም ዘመን በመላ አገሪቱ ለአእምሮ ሕመም የተለየ አንድ ሆስፒታል ብቻ ነበረ፤ እርሱም የአዲስ አበባው አማኑኤል ነው። የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን በዚያ ማሠልጠን የተጀመረው በ1987 ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በልዩ ሙያ ማስተማር የተጀመረው በ2003 ነው። የአገሪቱ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ በ2012 ወጥቶ ሕክምናው እስከ ጤና ጣቢያ እንዲወርድ አዘዘ። እነዚህ ታላላቅ እርምጃዎች ናቸው፤ ሆኖም ሁሉም የታሰቡት ለታወቀ የአእምሮ በሽታ ነው። እግሩ ስላበጠ ልቡ የተሰበረ ገበሬ በየትኛው በር እንደሚገባ አያመለክቱም።

በር የከፈተለት ሌላ ነው። ናታን ባርሎው የተባለው የሚሲዮን ሐኪም፣ ለብዙ ዓመታት በኢትዮጵያ ከሠራ በኋላ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ በሶዶ ለእነዚህ ሕመምተኞች ብቻ የሚሆን ሥራ ጀመረ። ኋላ ሞሲ ፉት በሚል ስም የታወቀ ማኅበር ሆነ። ሕክምናው ያለ ውድ መሣሪያ የሚደረግ ነው፤ እግርን በሳሙናና ጀርም በሚገድል ውሃ መዘፍዘፍና ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠምጠም፣ ሲቀመጡ ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ። በየጣቢያው ሕመምተኞች በቀጠሮ ይሰበሰባሉ። ከታከሙት መካከል ራሳቸው አስተማሪ የሆኑ አሉ፤ ጫማ መስፋት ተምረው በዚያ የሚተዳደሩም አሉ።

እዚህ ላይ የራሴን አሳብ ብሰጥ፣ ይህ ሥራ በወላይታ ብዙ ሰው የደረሰበት የመጀመሪያው የልብ ጭንቀት ሕክምና ነው እላለሁ፤ ምንም እንኳ ማንም በዚህ ስም ባይጠራው። ማንም ሊነካው የማይወደውን እግር ሰው ሲያጥበው፣ ያውም የሚያጥበው እርሱም በዚያው ሕመም ያለፈ ሲሆን፣ መንደሩ የመዘነው ሚዛን በመጀመሪያ የሚናጋው በዚያ ነው። አንድ ዓይነት ሕመም ያላቸው ሰዎች በአንድ ጥላ ሥር ተቀምጠው ወሬ መጨዋወታቸውም በሌላ አገር በክፍያ የሚሰጥ፣ የቡድን ሕክምና የሚባል ነገር ነው። ልዩነቱ እዚህ ሰበቡ የውሃ ሳፋ መሆኑ ነው።

የፈቃድ ነገር የተነሣውም ከዚህ ሥራ አጠገብ ነው። ባዶ እግራቸውን በአንድ አፈር ላይ ከሚኖሩ ሰዎች አንዱ ታሞ ሌላው ለምን ይድናል? ይህ ጥያቄ ተመራማሪዎችን ወደ ዘር ጥናት መራቸው። በ2007 ከወላይታ ቤተ ሰቦች በተገኘው መረጃ፣ በሰዎች መካከል ለሕመሙ በመጋለጥ ረገድ ካለው ልዩነት 63 ከመቶ ያህሉ ከዘር እንደሚመጣ ተገመተ። ቀጥሎ የሚያስፈልገው ከሕመምተኞችና ከጤነኞች ናሙና ወስዶ መመርመር ነበር። እንግዲህ የችግሩን ጥልቀት አንባቢው ይመልከት። መንደሩ «በዘር ነው» እያለ ሰውን ያገልላል፤ አሁን ደግሞ የተማረ ሰው መጥቶ «በዘር መሆኑን ላረጋግጥ ፈቃድህን ስጠኝ» ሊል ነው።

ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ ናሙና ከመሰብሰባቸው በፊት ያደረጉት ነገር ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ አነሣሥቶኛል። ፈቃዱን ከመጠየቃቸው በፊት ፈቃድ በዚህ አገር እንዴት እንደሚጠየቅ ጠየቁ። በወላይታ ከሕመምተኞች፣ ከነዋሪዎችና ከጤና ሠራተኞች ጋር ተነጋገሩ፤ ያገኙትንም በ2009 በሁለት ጽሑፎች አወጡ። ከተገኘው ውስጥ ጥቂቱን ላንሣ። ብዙ ሰው ምርምርን ከሕክምና አይለይም፤ የሚመረምረኝ ሊያድነኝ ነው ብሎ ይቀበላል፤ እንዲህ ያለው እሺታ ምንም ቢፈርሙበት በዕውቀት የተሰጠ ፈቃድ አይባልም። ሰዎች እሺ ወይም እምቢ ለማለት ከተነገራቸው ቃል ይልቅ የተናገራቸውን ሰው ያያሉ፤ ቀድሞ በሞሲ ፉት ሥራ የሚያውቁት የአገራቸው ሰው ከመጣ ይሰማሉ፤ እንግዳ ከመጣ ይጠራጠራሉ። ከዚህም በላይ፣ ጥናቱ ቤተ ሰብን በነውር ያሳውቃል የሚል ፍርሃት ነበረ፤ በተለይ ጤነኛ ዘመዶች ከሕመምተኛው ጋር በአንድ ስም መጠራቱን አይወዱትም።

ይህን የሰማ ሰው ሁለት መንገድ ይታየዋል። አንደኛው የዘሩን ነገር አድበስብሶ «ስለ እግራችሁ ነው የምናጠናው» ብሎ ማለፍ ነው፤ ይህ ሚልግራም በዬል ካደረገው አይለይም፤ ለበጎ ዓላማ የተደረገ ማታለል ነው። ሁለተኛው እንደ መጽሐፉ ሁሉን አንብቦ ማስፈረም ነው፤ ይህ ደግሞ ሕጉን ይፈጽማል፣ መንደሩን ግን በነውሩ ያጸናዋል። የወላይታው ጥናት ያመለከተው ሦስተኛ መንገድ ነው፤ የታመኑ የአገር ሰዎች አስቀድመው በሰፊው እንዲያስተምሩ፣ የዘሩ ነገር ከጫማው ነገር ተነጥሎ ብቻውን እንዳይነገር። እውነቱም ይህ ነው። በዘር የሚመጣው ሕመሙ አይደለም፤ አፈሩ ሲገባ ሰውነት የመቈጣት ጠባዩ ነው። የሣር ክዳን ያለው ቤት ከቆርቆሮው ይልቅ ለእሳት ቅርብ ነው፤ እሳት ካልነካው ግን አይነድም። ጫማ ያደረገ ልጅ የአያቱ እግር ምን ቢያብጥ አይታመምም። እንዲህ ሲነገር የዘር ጥናት የመንደሩን ክስ ግማሹን ተቀብሎ ፍርዱን ይሽራል። ግማሹን ብቻ መናገር ግን በሳይንስ ስም ሐሜትን ማጽናት ነው።

ናሙናው ተሰብስቦ ውጤቱ በ2012 በአሜሪካ በሚታተመው በታወቀው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ወጣ። ወደ 400 በሚጠጉ የወላይታ ሰዎች ላይ በተደረገው ምርመራ፣ ለሕመሙ መጋለጥ የሰውነትን የመከላከያ ሥራ ከሚመራው ኤች ኤል ኤ ከተባለው የዘረ መል ክፍል ጋር እንደሚያያዝ ታወቀ። የዓለም ሳይንስ ያከበረው ይህ ውጤት ነው። ለሥነ ልቡና ተማሪ ግን በ2009 የወጡት፣ ውጤት የማይመስሉት ሁለቱ ጽሑፎች ይበልጣሉ ባይ ነኝ።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያስ በእኛ አገር ፈቃድ የሚሰጠው ግለሰቡ ሳይሆን ቤቱ ነው፤ ባልን ወይም ሽማግሌን መጠየቅ ይበቃል» የሚል ሰው ይኖራል። በስብሰባ ላይ ሲነገር ሰምቼዋለሁ፤ ባህላችንን የሚያከብር ስለሚመስልም ያስጨበጭባል። እኔ አልስማማም። ምስጢሩ የቤቱ ነው ማለት ቤቱ በሰውየዋ ላይ ያዝዛል ማለት አይደለም። ሕመምተኛዋን በጓዳ የሸሸጋት ያው ቤት ሊሆን ይችላል፤ እግሯ ማበጥ መጀመሩን ከአማቷ የደበቀች ሙሽራ ደግሞ አማቷ ተጠይቃ በፈቀደችበት ሰዓት ምስጢሯ ወጥቷል። የቤልሞንት ሰነድ ስለ ሰው ክብር ሲናገር በአንድ ቍጥር መናገሩ ከዚህ አንጻር ትክክል ነው፤ ጐደሎው ሰውየው እሺ ካለ በኋላ እሺታው ሌሎችን የት እንደሚያደርስ አለመጠየቁ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ የለበትም፤ መጀመሪያ ብቻዋን እርሷን፣ ከዚያም እርሷ በምትመርጠው መንገድ ሌላውን።

ይህ ነገር የሐኪሞች ብቻ እንዳይመስለን፣ የዚህን መጽሔት አንባቢዎች ሥራም ይነካል። የሕዝብ ባህል አጥኚ ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው የዘር ሐረግ ነው። ማን ማንን ወለደ፣ ማን ከየትኛው ጎሳ አገባ፣ ማን ሳያገባ ቀረ እያለ በሠንጠረዥ ያሰፍራል። ስሙን ቢለውጥም ቀበሌውንና ጎሳውን ጽፎ፣ «ሦስተኛዋ ልጅ ሳታገባ ቀረች» ካለ፣ በአረካ ወይም በቦዲቲ ያለ ጎረቤት የማን ቤት እንደ ሆነ ለማወቅ አይቸገርም። ቀድሞ እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ የሚነበበው በሩቅ አገር ነበር፤ ዛሬ የቤቱ ልጅ ራሱ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ያነበዋል፤ ሊያገባ ያሰበውም ጓደኛው አብሮት ያነበዋል።

የጣት አሻራም ነገር አለ። ቅጹ ሲያልቅ ማንበብ የማይችል ሰው በቀለም አሻራውን እንዲያኖር ይጠየቃል። በገጠራችን ሰው በወረቀት ላይ ጣቱን የሚያሳርፈው ለመሬት፣ ለብድር ወይም ለክስ ነው፤ ስለዚህ ገበሬው እስከዚያ ድረስ በነጻነት ሲናገር ቈይቶ ቀለሙን ሲያይ ዝም ይላል። ለጥናቱ መርማሪ ኮሚቴ አስቀድሞ አስረድቶ ፈቃዱን በቃል፣ ምስክር ባለበት መቀበል የተፈቀደ መንገድ ነው። ምስክሩ ግን ከዚያው መንደር መሆን የለበትም፤ ሕመምተኛዋ ራሷ የመረጠችው ካልሆነ በቀር።